ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ቧንቧ

ቤቱ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም አቁሞ በፕላስቲክ ቅጠል ፈንታ እውነተኛ የውሃ ተክል ማብቀል የሚፈልግ ወጣት ዛሬ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ማየት ነው። ቪዲዮዎቹ ማለቂያ የላቸውም። አብዛኞቹ ግን፣ ሠሪዎቹ አወቁትም አላወቁትም፣ ሐሳባቸውን የሚቀዱት ከሁለት መጻሕፍት ነው። አንዱ የጃፓናዊው ታካሺ አማኖ «ኔቸር አኳሪየም ወርልድ» ነው፤ እንግሊዝኛው በ1994 ወጣ። ሌላው የአሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ «ኢኮሎጂ ኦቭ ዘ ፕላንትድ አኳሪየም» ነው፤ በ1999 ታተመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ ሁለቱን መጻሕፍት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወስደን ቧንቧውን ብንከፍተው የትኛው ይጸናል? የእኔ ፍርድ፣ የአማኖ መጽሐፍ ውብ ሆኖ ይወድቃል። የዋልስታድ ይጸናል፣ ግን እንደተጻፈ አይደለም።

በአማኖ እንጀምር። ሰውየው በ1954 ኒጋታ ውስጥ ተወለደ። የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ አኳሪየምንም ያየው በዚያው ዓይን ነው። በእሱ እጅ ድንጋይ ተራራ ሆነ፣ አጭር የውሃ ሣር ሜዳ ሆነ። በሞተበት ዓመት፣ በ2015፣ ሊዝበን ላይ የተከፈተው የመጨረሻ ትልቁ ሥራው 40 ሜትር ርዝመት አለው፤ 160,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ውበቱን ማንም አይክደውም። ችግሩ ፎቶ መሆኑ ነው። ፎቶ የሚነሳው ተክሉ በጣም ባማረበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ወራትና ከዚያ በኋላ የሚመጣው መከርከምና መፋቅ አይታይም። ከሁሉም በላይ ውሃው አይታይም። ፎቶ ላይ የኒጋታም ውሃ የድሬም ውሃ እኩል ጥርት ያለ ነው።

ውስጡ ግን ለየቅል ነው። የጃፓን ወንዞች አጫጭር ናቸው፤ ከተራራ ወርደው ብዙ ማዕድን ሳይሟሟባቸው ባሕር ይገባሉ። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚቀዳ ነው፤ የሚያልፍበት ዓለት ደግሞ በብዛት የኖራ ድንጋይ ነው። ከተማዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ለምን መሰላችሁ? በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ከዚራ ውስጥ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ከውስጡ የሚወጣ ኖራ።

አሁን የአማኖን አሠራር እዩት። ኃይለኛ መብራት፣ ከሲሊንደር የሚረጭ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃውን ትንሽ አሲዳማ የሚያደርግ ልዩ አፈር፣ ብዙ የውሃ ቅየራ። ጋዙ ትክክለኛ ሳይንስ አለው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ ውሃ ውስጥ ያለ ቅጠል ብዙ ጊዜ ካርቦን ይርበዋል። ጋዙ ኖራ ባለበት ውሃም ይሠራል፤ እዚህ ላይ አማኖን አልከስም። ልዩ አፈሩ ግን ኖራን እየተዋጋ ነው የሚውለው። በተቀየረ ውሃ ቁጥር አዲስ ኖራ ይመጣበታል፣ አቅሙም ቶሎ ያልቃል። በሻንጣ ከውጭ ያስመጣችሁት ውድ አፈር ከጥቂት ወራት በኋላ ተራ ጠጠር ሆነ ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን የውሃ ቅየራው ነው። «በየሳምንቱ ግማሹን ቀይሩ» የሚለው ምክር ከየት መጣ? የዓሣ እዳሪ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ሲሄድ ንጹሕ ውሃ ጨምረን እናቀጥነዋለን፣ በቃ። ይህ የሚሠራው የሚጨመረው ውሃ ናይትሬት ከሌለበት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን አንዳንዶቹ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ወሰን፣ ከ50 ሚሊግራም በሊትር፣ በላይ ናይትሬት እንዳላቸው አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ወደ መሬት የሚሰርገው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 120 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድ፣ 50 ቁመት ያለው አኳሪየም 300 ሊትር ይይዛል። ግማሹ 150 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሰባት ተኩል። ውሃው በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ካለው «አጸዳሁ» ብላችሁ 7.5 ግራም ናይትሬት ጨመራችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እናት ሰባት ጄሪካን ሲደፋ ዝም ብላ የምታይ ይመስላችኋል? አቦ፣ ይሄ ከኬሚስትሪው በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ዋልስታድ የምታሸንፈው እዚህ ላይ ነው። አሠራሯ ተራ አፈር ከታች፣ ጠጠር ከላይ፣ ብዙ ተክል፣ ጥቂት ዓሣ፣ ጥቂት የውሃ ቅየራ ነው። ማጣሪያው ራሱ ተክሉ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረጅም ቅጠል ያለው ተክል በአንድ የመስታወት ዕቃ ውስጥ እንዴት እንዳኖረ ጽፏል። የሚበሰብሰው ቅጠል ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረ፣ ነገሩም ተስተካከለ። ዋልስታድ በዚህ ላይ የጨመረችው ማስረጃውን ነው። ገጾቿ በሠንጠረዥ የተሞሉ ናቸው፤ ለዓይን አይጋብዙም፤ እኔ ግን ከአማኖ ፎቶዎች ይልቅ እነሱን ነው ደግሜ የማነበው።

እንዲያውም ኖራው ለእሷ ወገን ይመሰክራል። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያጡ በኖራማ ውሃ ውስጥ የሞላውን ባይካርቦኔት ወስደው ካርቦን ያወጡበታል። ይህን ሲያደርጉ ካልሲየም ካርቦኔት ቅጠላቸው ላይ ሊጋገር ይችላል። የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ቅጠል ላይ ወጣ ማለት ነው! ሲሊንደር አላስፈለገም። ሴራቶፊለም ደግሞ የሩቅ አገር እንግዳ አይደለም፤ ጣና ውስጥም ይበቅላል።

ሆኖም መጽሐፏ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው። ተክሎች ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን እንደሚመርጡ በደንብ አድርጋ ታስረዳለች። ልክ ነች። ከዚራ ላይ ግን ናይትሬቱ ከቧንቧው ጋር ይመጣል፤ ተክሉ አሞኒየሙን በልቶ እስኪጨርስ ናይትሬቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ቅጠሉ አየር ላይ፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ የሆነ ፈጣን ተክል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ብዙ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሳበው አረንጓዴ ሐረግ። ካርቦኑን ከአየር ስለሚያገኝ ምግቡን ከውሃው በፍጥነት ይስባል። ይህን የአየር ብልጫ ራሷም ጽፋዋለች፤ ለእኛ ግን ዋናው ምዕራፍ እሱ መሆን ነበረበት።

ሙቀቱስ? የመጽሐፉ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። ውሃ 30 ዲግሪ ሲደርስ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ቁጥሩም ወደ 6.5 ይወርዳል። አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሙቀት ሲጨምር ኦክስጅን የሚበሉበት ፍጥነት ይጨምራል፤ በ10 ዲግሪ በግምት እጥፍ ይሆናል። ሌሊት ተክሎቹም ይተነፍሳሉ እንጂ ኦክስጅን አይሠሩም። እንግዲህ መብራት የጠፋበት የግንቦት ሌሊት አስቡ። ዓሣዎቹ ጎህ ሲቀድ ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው ከተገኙ በሽታ አይደለም፣ ታፍነው ነው። መድኃኒቱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕና ከመጽሐፉ የሳሳ አፈር ነው፤ ሁለት ሴንቲሜትር ይበቃል። ዓሣም ቀንሱ።

መስኮትም ነገር አለው። ዋልስታድ የመስኮት ብርሃን ትወዳለች። ሰሜን አሜሪካ ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ትገባለች፤ ድሬዳዋ ግን 9.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ብዙውን ወራት ጣራው ላይ ናት። አደገኛው የምዕራቡ መስኮት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ውሃውን ይቀቅለዋል። የከዚራ የድሮዎቹ የባቡር ዘመን ቤቶች፣ ወፍራም ግድግዳና በረንዳ ያላቸው፣ ለዚህ ሥራ የታሰቡ ይመስላሉ፦ ከበረንዳው በስተጀርባ ያለው ጥላማ ክፍል ነው ቦታው። ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። 300 ሊትሩ ከመስታወቱ፣ ከጠጠሩና ከማስቀመጫው ጋር ከ400 ኪሎ ያልፋል፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው 0.6 ካሬ ሜትር ላይ ነው። ለመኖሪያ ቤት ወለል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ነው። መሐንዲስ ሳትጠይቁ በረንዳ ላይ አታስቡት፤ ምድር ቤት ይሻላል።

ሙቀቱን ለመቀነስ ቬንትሌተር ውሃው ላይ ማዞር ይረዳል፤ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ኖራው ይቀራል። በቀን 3 ሊትር ቢተን በወር 90 ነው፤ ጉድለቱን በቧንቧ ውሃ ከሞላችሁት የኖራው መጠን በወር ውስጥ በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱም መጻሕፍት ላይ ይህ ጉዳይ ከተነሳም ለእኛ በሚበቃ መጠን አይደለም። ዝናብ ሲጥል ከጣራ የወረደውን፣ የመጀመሪያውን እጣቢ ደፍታችሁ፣ ሮቶ ወይም ጄሪካን ውስጥ አጠራቅሙ። የተነነውን መሙያ እሱ ነው።

ዓሣ ስትመርጡ ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ኖራ ያለበትን ውሃ ይወዳሉ፤ ሙቀቱንም ከብዙዎቹ ይሻላሉ። «የአገራችን ዓሣ ይሁን» ብላችሁ ቆሮሶ አታስገቡ። ጎጆውን ለመሥራት መሬቱን ይቆፍራል፣ ያተከላችሁትን ሁሉ በሳምንት ይነቅለዋል። ተክል ሲበዛባችሁ ደግሞ ደቻቱ ውስጥ አትጣሉ። አሸዋው በጋውን ሁሉ ደርቆ ሞቶ ይመስላል፣ ክረምት ሲሞላ ግን ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። እምቦጭ አዋሽና ቆቃ ላይ ከታየ ከ1965 ጀምሮ ነው፣ ጣና ላይ የተመዘገበው ደግሞ በ2011፤ እስካሁን በጀልባና በእጅ እየተለቀመ አላለቀም። ትርፉን ቅጠል ጣራ ላይ ስጡትና ፀሐይ ታድርቀው፤ ሲሰባበር ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።