ሽማግሌው የማን ልጅ ነው? — «ሜትሮፖሊስ»ና የተከፋፈለው ፍርድ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ቅራኔ ተለይቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም። አንድ ሥራ ስለ ገዥና ስለ ተገዥ በተናገረ ቁጥር፣ ደራሲው አሰበውም አላሰበውም፣ ከሁለቱ ለአንዱ ይመሰክራል። የምስክርነቱም ፍሬ ነገር ጎልቶ የሚወጣው ግፉ እንዴት እንደተሣለ ሲታይ ሳይሆን ጠቡ እንዴት እንደተፈታ ሲመረመር ነው። በዚህ ረገድ ትውልደ ኦስትሪያው ፍሪትስ ላንግ በጀርመን አገር ያዘጋጀው «ሜትሮፖሊስ» የተባለው ፊልም ያህል ሐያስያንን የከፋፈለ ሥራ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ድምፅ አልባው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በርሊን ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 ነው። ድርሰቱን የጻፈችው በጊዜው የአዘጋጁ ባለቤት የነበረችው ቴአ ፎን ሐርቡ ስትሆን፣ ኡፋ የተባለው ኩባንያ ከአምስት ሚሊዮን የጀርመን ማርክ በላይ አፍስሶበታል። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድ የነበረው ሥራ ለገበያ እንዲመች ተቆራረጠ፤ ከተቆረጠው አብዛኛው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 በቦነስ አይረስ የፊልም ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ከዚህ ቅጂ ጋር ተገጣጥሞ የታደሰው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና ለሕዝብ ቀረበ።

ታሪኩ ወደፊት በምትመጣ አንዲት ግዙፍ ከተማ ውስጥ ይፈጸማል። ከላይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችና የጌቶች ልጆች የሚቦርቁባቸው የአትክልት ሥፍራዎች አሉ፤ ከታች፣ ከማሽኖቹም በታች፣ ወዛደሮቹ ይኖራሉ። የከተማዋ ጌታ የዮሐ ፍሬደርሰን ልጅ ፍሬደር አንድ ቀን ወደ ታች ወርዶ ማሽን ፈንድቶ ሰው ሲያልቅ ያያል፤ ማሽኑም ሰው የሚበላ ጣዖት ሆኖ ይታየዋል። ማሪያ የተባለች ልጃገረድ ግን ሠራተኞቹን ከምድር በታች ባለ ዋሻ ሰብስባ አስታራቂ እስኪመጣ ታገሡ እያለች ትሰብካለች። ጌታው ይህን ሲደርስበት፣ ሮትቫንግ የተባለው ፈልሳፊ የሠራውን ሰው መሰል መኪና በማሪያ አምሳል አሠርቶ ይልክባቸዋል። ሐሰተኛዪቱ ማሪያ ታሳምፃቸዋለች፤ ማሽኑን ይሰብራሉ፤ ውኃ መኖሪያቸውን ያጥለቀልቃል። ረስተዋቸው የወጡትን ልጆቻቸውን የሚያድኑላቸው እውነተኛዪቱ ማሪያና የጌታው ልጅ ናቸው። በመጨረሻም በካቴድራሉ ደጃፍ ፍሬደር የአባቱንና የሠራተኞቹን አለቃ እጅ ያጨባብጣል። በራስና በእጅ መካከል አስታራቂው ልብ መሆን አለበት የሚለው የፊልሙ መፈክርም እዚህ ላይ ይታተማል።

ፍርዱ የተከፋፈለው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1927 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ፊልሙን ከጅልነት ቆጥሮታል። ዌልስ እንዳመለከተው ማሽን የጉልበትን ሥራ ይቀንሳል እንጂ ባሪያ አያበዛም፤ ብዙ የሚያመርት ኢንዱስትሪም ብዙ የሚገዛ ሰው ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ስፔናዊው ሉዊስ ቡኙኤል ሌላ ዓይነት ሚዛን አቀረበ፤ በእሱ አመለካከት «ሜትሮፖሊስ» እርስ በርስ የተጣበቁ ሁለት ፊልሞች ነው። አንደኛው፣ ማለትም ታሪኩ፣ ተራና ቅጥ ያጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ማለትም ሥዕሉ፣ የሚያስደንቅ ነው። ዚግፍሪድ ክራካወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 የጀርመን ሲኒማ ወደ ሂትለር ያመራበትን መንገድ ሲተነትን፣ የመጨረሻው ዕርቅ የጌታውን ሥልጣን የሚያጠናክር እንጂ የሚቀንስ አለመሆኑን አስገንዝቧል። የሁለቱ ባልና ሚስት ኋለኛ ሕይወት ራሱ የዚህ ክርክር ማስረጃ ይመስላል፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 እ.ኤ.አ. ላንግ ጀርመንን ጥሎ ሲሄድ፣ ፎን ሐርቡ ግን እዚያው ቀርታ የናዚ ፓርቲ አባል ሆናለች። ላንግም ከብዙ ዓመታት በኋላ ለፒተር ቦግዳኖቪች በሰጠው ቃል የልብ አስታራቂነት ተረት መሆኑን አምኗል።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ፍርዶች የተሰጡት በአውሮፓና በአሜሪካ ሚዛን ነው። ይህን ፊልም በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝና በግሼ ደጋ፣ ራቤል ላይ ለሚኖር ሰው ብናቀርበው በምን ይመዝነዋል? ጥያቄው ለጌጥ የተነሣ አይደለም። ፊልሙ የቆመባቸው ሁለት ምሰሶዎች፣ ልብና ዕርቅ፣ በዚህ አገር የየራሳቸው የረጅም ዘመን ትርጉም አላቸው።

በመጀመሪያ የልብን ነገር እንመልከት። በአማርኛ ልብ የርኅራኄ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የማስተዋልም መቀመጫ ነው። «ልብ በል» ሲባል አስተውል ማለት ነው፤ «ልብ አደረገ» ሲባል ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ነገር የገባው ማለት ነው፤ ልበ ቢስም የማያስተውል ሰው ነው። ስለዚህ በአማርኛ ለሚያስብ ተመልካች የፊልሙ መፈክር ገና ከጅምሩ ይናጋበታል። ጌታው ራስ፣ ሠራተኛው እጅ፣ የጌታው ልጅ ልብ ነው ከተባለ፣ ሠራተኛው ርኅራኄውን ብቻ ሳይሆን ማስተዋሉንም ተነጥቋል ማለት ነው። ፊልሙ በእርግጥም ይህንኑ አድርጓል። ሠራተኞቹ በራሳቸው አስበው የሚናገሩት ነገር ከቶ የለም፤ ወይ በእውነተኛዪቱ ማሪያ ይታገሣሉ፣ ወይ በሐሰተኛዪቱ ማሪያ ያምፃሉ። ከሁሉም የከፋው የልጆቻቸው ጉዳይ ነው። በደል ያንገፈገፈው ወላጅ ልጁን ረስቶ ሊዘምት ይችላል ብሎ ማሳየት ለዐመፁ ምክንያት መስጠት ሳይሆን ዐመፀኛውን ከሰውነት ተራ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ ዕርቅ ነው። የመንዝ ሰው ዕርቅን አይንቅም። በድንበር፣ በርስት፣ በደምም ሳይቀር የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ደም የፈሰሰበትን ቤት በካሳ ማሳረፍ ለዘመናት የኖረ ጥበብ ነው። ይሁንና ሽምግልና ወግ አለው። ሽማግሌውን ሁለቱም ወገኖች ይመርጡታል፤ ለአንዱ የሚያዳላ መስሎ የታየ እንደሆነ ሌላው «አይሆነኝም» ይላል፤ ዋስ ይጠራል፤ ተበዳይ በደሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ በዳይ ይክሳል። በካቴድራሉ ደጃፍ ከዚህ የትኛው ተፈጸመ? አስታራቂው የአንደኛው ወገን የአብራክ ክፋይ፣ የዚያው ሀብት ወራሽ ነው። ሠራተኞቹ አልመረጡትም። ካሳ አልተቆረጠም፤ ከነገ ወዲያ የሥራው ሰዓት በአንዲት ደቂቃ ስለማጠሩ የተሰማ ነገር የለም። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚለው አባባል በ«ሜትሮፖሊስ» ተገልብጦ አባት ቀማኛ፣ ልጅ ዳኛ ሆኖ ይገኛል። ፊልሙን ዕርቅ ስለ ሰበከ ብቻ የሚያወግዘው ሐያሲ ስለዚህ ነገሩን በግማሹ ነው የያዘው፤ በደሉ ዕርቅ መስበኩ ሳይሆን ዕርቅ ያልሆነውን ዕርቅ ብሎ መጥራቱ ነው።

እዚህ ላይ ተቃራኒውን መንገድ የያዘ የአገራችንን ፊልም ማንሣት ተገቢ ይሆናል። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. የዘውዱ ሥርዓት በሚናጋበት ወቅት የቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ያቀረበው «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ባላባትን ከነጭሰኛው የሚያሳይ ሥራ ነው። በውስጡ የሚታየው ከበደም ሆነ ከበበ ብለን ብንጠራው ያው የምናውቀው ሰው ነው፦ ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ፣ እውነት በመናገሩ እንደ እብድ የሚቆጠር አርበኛ። አስታራቂ አይጠብቅም፤ ባላባቱን ራሱ ይገድላል። አንዳንዱ ተመልካች ይህን የአንድ ሰው በቀል እንጂ የመደብ ትግል አይደለም ሊል ይችላል፤ ትችቱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን በኃይሌ ፊልም ውስጥ የተበደለው ሰው ልብም ራስም አለው። ጭሰኛው ሲያርስ፣ እናት ስትፈጭ፣ ልጅ ከብት ስትጠብቅ የሚያስቡት ከፊታቸው ይነበባል። ላንግ ሺህ ሰው አሰልፎ አንድም ወዛደር በቅጡ ሳያስተዋውቀን ሲቀር፣ ኃይሌ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች አንድ መደብ አሳይቶናል።

ይህም ሆኖ መንዜው በሁለቱም ፊልሞች ፊት ቀላል ተመልካች አይሆንም። በመንዝ ገበሬው ከአቅኚ አባት በሚቆጠር ትውልድ ርስቱን ይካፈል ስለ ነበር፣ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቃይ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅም ለደቡቡ የነፃነት ደወል ሲሆን ለባለርስቱ ደጋ ስጋትንም ይዞ የደረሰ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ «እኛ ዘንድ መደብ አልነበረም» ማለት ግን ራስን መሸንገል ነው። በመንዝ የጓሳን ሣር ለዘመናት ሲያስጠብቅ የኖረው የቄሮ ሥርዓት አለቃውን በተጠቃሚዎች ምርጫ የሚያስቀምጥ የሚያስመካ ሥርዓት ነበር፤ ነገር ግን መብቱ የአቅኚዎቹ ዘር ለሆነው ብቻ ነበር። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ኩታውን የሚሸምነው፣ ድስቱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ግን ከርስቱ ውጭ፣ በስድብ ስም እየተጠሩ ኖረዋል። እጅ የተባለው ሰው ልብ ተነፍጎት የኖረው በላንግ ከተማ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ይመሰክራል።

የ«ሜትሮፖሊስ»ን ሥዕል ማድነቅ ተገቢ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ምድር ሆድ የሚወርደውን የተረኛ ሰልፍ ካየ በኋላ የሚረሳ ተመልካች አይኖርም። ዌልስ በሎጂኩ፣ ክራካወር በፖለቲካው፣ ቡኙኤል በዓይኑ የተናገሩት ሁሉ በየድርሻው ትክክል ነው። የራቤል አስተማሪ ፊልሙን ለተማሪዎቹ ቢያሳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ ከሽምግልናው ወግ ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ እጆች ተጨባብጠው መብራቱ ሲበራ፣ «ሽማግሌውን ማን መረጠው? ካሳውስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው። ለዚህ መልስ የሌለው ዕርቅ፣ በበርሊንም ይሁን በመንዝ፣ ለሚቀጥለው ጠብ ቀጠሮ መያዝ ነው።