«ለጸሎት ያህል ነው የምነግራችሁ»፦ የቦንሆፈርን «የጋራ ሕይወት» ሳነብ

ባለፈው ክረምት በወጣቶች ኅብረታችን የጸሎት ምሽት ላይ ስለ አንዲት እኅታችን ተናገርሁ። የቤተሰቧን ጉዳይ ለብቻችን ሆነን ስታዋየኝ አልቅሳ ነበር። እኔም «ለጸሎት ያህል ነው የምነግራችሁ» ብዬ ጀመርሁ። ስሟን አልጠራሁም፤ ሆኖም ማን እንደ ሆነች ያልገባው ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ ጠየቀ፣ መለስሁ፤ ሌላው ጠየቀ፣ ጨመርሁበት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መጽሐፍ የሚገመግም ሰው ከየት ቆሞ እንዳነበበ አንባቢው ቢያውቅ መልካም ነው ብዬ ስለማምን ነው። የዲትሪሽ ቦንሆፈርን «የጋራ ሕይወት» የከፈትሁት ከዚያች ምሽት ሁለት ወር ያህል ዘግይቼ ነው። ያነበብሁት በ1954 የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን ቦንሆፈርን የምናውቀው በአሟሟቱ ነው። ሂትለርን የተቃወመ ጀርመናዊ መጋቢ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ካምፕ የተሰቀለ፣ ገና የ39 ዓመት ሰው። በአገራችን ስሙ ከቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ጋር አብሮ ይነሣል፤ እርሳቸውን «የኢትዮጵያ ቦንሆፈር» የሚሏቸው አሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ያነሣሁት የሰማዕት መጽሐፍ ነው ብዬ፣ ስለ ድፍረትና ስለ መስቀል ሊነግረኝ ነው ብዬ ነው። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት ስንት ምዕራፍ እንደሚነበብ፣ መዝሙር እንዴት እንደሚዘመር፣ በማዕድ ጊዜ ማን እንደሚጸልይ፣ መቼ ዝም እንደሚባል። በመጀመሪያው ንባብ ቅር አለኝ ብል አልዋሽም።

የመጽሐፉ አመጣጥ እንዲህ ነው። ከናዚ መንግሥት ጋር የተስማማውን የቤተ ክርስቲያን አመራር ያልተቀበሉ ወገኖች «መስካሪ ቤተ ክርስቲያን» ተብለው ሲቆሙ ለራሳቸው መጋቢዎች ማሠልጠኛ ከፈቱ። ከእነዚህ አንዱን እንዲመራ ቦንሆፈር በ1935 ተሾመ። ትምህርቱ በባልቲክ ባሕር ዳር በሲንግስት ተጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ በሽቴቲን አጠገብ ወዳለችው ፊንከንቫልደ ተዛወረ፤ አካባቢው ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ነው። በ1937 መስከረም ማለቂያ ላይ ጌስታፖ ዘጋው። በዓመቱ ቦንሆፈር በጎቲንገን፣ መንታ እኅቱ ትኖርበት በነበረው ቤት ተቀምጦ ይህን ትንሽ መጽሐፍ በአራት ሳምንት ያህል ጻፈው። እኅቱ ባልዋ ከአይሁድ ወገን በመሆኑ ከቤተሰቧ ጋር አገር ጥላ ወጥታ ነበር። መጽሐፉ በ1939 ታተመ። ስለዚህ የምናነበው ስለ ተበተነ ኅብረት፣ ከተበተነ በኋላ፣ በሸሸ ሰው ቤት ውስጥ የተጻፈ ነው። ይህን ስታውቁ በመዝሙር 133 መጀመሩ ሌላ ድምፅ ይሰጣችኋል፤ ወንድሞች አብረው መቀመጣቸው እንደ ዋዛ የሚታይ መብት ሳይሆን የጸጋ ስጦታ ነው ይላል።

ልብ በሉ፣ የፊንከንቫልደ ተማሪዎች ሕፃናት አልነበሩም። የዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን የጨረሱ፣ ግሪክና ዕብራይስጥ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። እርሱ ግን መጸለይንና መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብን እንደገና ከሀ ሊያስጀምራቸው ፈለገ። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት በአንድ አጭር ክፍል ላይ ዝም ብለው እንዲያሰላስሉ፣ ያንኑ ክፍል ሳምንቱን ሙሉ እንዲይዙት አዘዘ። ተማሪዎቹ ተቸገሩ፤ የሚያንቀላፋ ነበረ፣ በዚያ ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለበት የጨነቀው ነበረ። ታላቁ ካርል ባርት ሳይቀር በ1936 በጻፈለት ደብዳቤ ነገሩ የገዳም ሽታ እንዳይኖረው ሥጋቱን ገልጾለታል። የባርት ሥጋት ይገባኛል። ግን የእኛን ቤት ስመለከት ለቦንሆፈር አደላለሁ። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆች ጸሎት እናስተምራለን፤ ለሚጠመቁት የደኅንነት ትምህርት እንሰጣለን። ከጥምቀት በኋላ ግን እንዴት እንደምንጸልይ ቁጭ አድርጎ ያስተማረን ማን ነው? ከመድረክ የሰማነውን ድምፅና አባባል ወርሰን ነው የቀጠልነው። አዋቂ ሰው «መጸለይ አላውቅበትም» ማለት ያፍራል።

ከመጽሐፉ ሁሉ አብዝቼ የተመላለስሁበት ስለ ቃሉ ንባብ የሚናገረው ክፍል ነው። ቦንሆፈር በቀን አንድ ጥቅስ መውሰድን አይጠላም፤ ነገር ግን አጫጭር ጥቅሶች የመጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ ንባብ እንደማይተኩ አጥብቆ ይናገራል። በየጊዜው ቢያንስ ከብሉይ አንድ ምዕራፍ፣ ከአዲስ ግማሽ ምዕራፍ፣ በተራ፣ ሳይዘለል እንዲነበብ ይፈልጋል። የማይገባን ቢበዛስ? ይብዛ፤ አለመግባቱም ያስተምራል፣ የሚል ይመስላል። በስልካችን የሚደርሰን የዕለቱ ጥቅስ ከነአበባ ሥዕሉ በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቀላል ነው፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ እንጂ እርሱ አይደለም።

ድምፅን ከፍ አድርጎ ስለ ማንበብ የሰጠው ምሳሌም ግሩም ነው። አንድ ሰው የወዳጁን ደብዳቤ ለሌሎች ሲያነብ ራሱ እንደ ጻፈው አድርጎ አያነብም፤ የማይመለከተው ነገር እንደ ሆነም አያነብም። ቃሉ የሌላ ነው፤ አንባቢው ግን ይወደዋል። እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ የእሑድ ምንባብ አንባቢዎቻችንን አስቡ። አንዱ የቀበሌ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ይሮጣል፤ ሌላው ጳውሎስን ራሱ ሊሆን ይቃጣዋል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል። ሁለቱም ደብዳቤው የማን እንደ ሆነ ረስተዋል።

በዝማሬ ላይ ግን አልተስማማንም። ቦንሆፈር ኅብረቱ በአንድ ዜማ፣ ድምፅ ሳይከፋፈል እንዲዘምር ይፈልጋል። ቤዙን ወይም አልቶውን እያሰማ ራሱን የሚያስደንቅ ዘማሪ ጉባኤውን ይጎዳል ባይ ነው። ይህን ለመዘምራን ባነበብሁላቸው ጊዜ የቤዝ ክፍሉ በሙሉ ወደ አንዱ ወንድማችን ዞረ፤ ሳቅን። ስለ ራስ ማሳየት ያለው እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በዛ። ድምፅ ተከፍሎ መዘመርም ሌላውን መስማት ያስተምራል፤ አልቶዋ ሶፕራኖዋን ካልሰማች ወዲያው ታበላሻለች። ስለ መስማት እንዲህ አድርጎ የጻፈ ሰው ይህን አለማየቱ ይገርመኛል።

ስለ ጸሎት ሲጽፍ መምህሩ መዝሙረ ዳዊት ነው። «ንጹሕ ነኝ» የሚለውን መዝሙር፣ በጠላት ላይ በቀል የሚለምነውን መዝሙር እኔ እንዴት እጸልየዋለሁ? ቦንሆፈር ሲመልስ ጸላዩ ክርስቶስ ነው፣ እኛም ከእርሱ ጋር ሆነን እንጸልየዋለን ይላል። ዛሬ የእኔ ስሜት ያልሆነውን ጸሎት ዛሬ የሚጸልየው ሌላ ወንድም አለና አፌን እሰጠዋለሁ። በጉባኤ ፊት የሚጸልይ ሰውም የራሱን ልብ ብቻ ሳይሆን የሁሉን ቀን፣ የሁሉን ሥራና ጭንቀት ይዞ መቅረብ አለበት። ለዚህ ደግሞ አብሮአቸው መኖር፣ ማወቅ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ምን እየሠራ እንደ ሆነ በሁለተኛው ንባቤ ገባኝ። ጠዋት የእኔ ያልሆነ ደብዳቤ አነባለሁ። ቀጥሎ የእኔ ባልሆነ ቃል እጸልያለሁ። ከዚያ ለብቻዬ ዝም እላለሁ። ምላሴ ቀኑን ሙሉ ከራሷ ንግግር በፊት የሌላውን ቃል እንድትሸከም ትለማመዳለች። አራተኛው ምዕራፍ ስለ አገልግሎት ሲጀምር፣ ደቀ መዛሙርቱ ማን ይበልጣል ብለው ከተከራከሩበት ከሉቃስ 9 ተነሥቶ፣ የመጀመሪያው አገልግሎት ምላስን መያዝ ነው የሚለን ስለዚህ ነው። ቀጥሎ ትሕትና፣ መስማት፣ በትንንሽ ነገር መርዳት፣ መሸከም ይመጣሉ። ቃሉን ለወንድም መናገር የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ተራውን ገልብጠነዋል፤ መምከር እንጀምራለን፣ ካልተሰማን እንሸከማለን፣ ካቃተን ዝም እንላለን።

እኔን የወጋኝም በዚያው ምዕራፍ ነው። ስለ ወንድም በስውር መናገርን ሲከለክል «ለመርዳት ነው፣ በበጎ ፈቃድ ነው» የሚለውን ሽፋን ለይቶ ያነሣል፤ ጥላቻ ተሸፍኖ የሚገባው በዚህ በር ነው ይላል። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። እኔ ጥላቻ አልነበረኝም፤ እኅታችንን እወዳታለሁ፣ ብዬ ተሟገትሁ። ነገር ግን በዚያች ምሽት ሰዉ ሁሉ እኔን ሲያይ የተሰማኝ ደስታ ነበረ፤ ልክደው አልችልም።

በፊንከንቫልደም ይህ ሕግ ነበረ። ተማሪውና ኋላም የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ኤበርሃርድ ቤትጌ እንደሚተርከው፣ በሌለ ወንድም ላይ አይነገርም፤ ከተነገረም ለባለቤቱ ሄዶ «ስለ አንተ ይህን ተናግሬአለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ቤትጌ ሕጉ ተጠበቀ አይልም። እየጣሱትና እንደገና እየጀመሩት ከስብከቱ ያላነሰ ተማሩበት ይላል። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ቤት ለቤት ይሰበሰቡ የነበሩ ወላጆቻችን እንዲህ ያለ ሕግ ሳይጻፍላቸው ያውቁት ነበር፤ የሌለ ሰው ስም መጥራት ሰው ማሳሰር ነበርና። በሩ ሲከፈትልን ያንን ጥንቃቄ እዚያው ትተነው የወጣን ይመስለኛል።

የመጽሐፉ ጉድለት የት ነው? የተጻፈው ከአንድ ቤት ነው፤ አብዛኞቹ ያላገቡ ወጣት ወንዶች፣ ደወል ሲደወል የሚነሡ። ስለ ቤተሰብም ይናገራል፣ ግን በአባወራው ወንበር ተቀምጦ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ሰርቪስ የምትጠብቅ እኅት፣ ከታናናሾቿ ጋር በአንድ ክፍል የምታድር ልጅ፣ ያንን የጠዋት ዝምታ ከየት ታገኛለች? መልስ የለውም። አነጋገሩም ትእዛዝ ይበዛበታል፤ ታሪክ አይተርክም፣ ምሳሌ ይቆጥባል። የእኛ ሰባኪ ቢሆን ስለ አንዱ ተማሪ ውድቀት፣ ስለ ሌላው እስር እያነሣ ባስለቀሰን ነበር። መጀመሪያ ይህን እንደ ድርቀት ቆጥሬበት ነበር። በኋላ ግን ከእነዚያ ተማሪዎች የታሰሩ እንደ ነበሩ ሳውቅ፣ አንዱንም እንኳ በስሙ አለማንሣቱን በሌላ ዐይን አየሁት።

ከሁሉ የሚቀለኝ የመሰለኝ የምልጃው ክፍል ነበር። የምጸልይለትን ወንድም ልጠላውና ልኮንነው አልችልም፤ የከበደኝ ፊቱ በጸሎቴ ውስጥ ይለወጣል ይላል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን አለ? ብዬ አለፍሁት። የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ኃጢአትን በደፈናው ሳይሆን ለይቶ ለአንድ ወንድም መናዘዝን ያስተምራል። የተጎዳው ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚኬድ ግን ብዙ አይነግርም፤ እዚያ ላይ የፊንከንቫልደው ሕግ ከመጽሐፉ ይቀድማል።

በሕጉ መሠረት ሄድሁ። ቤቷ ነበረች፤ እናቷ ቡና እያፈሉ ነበር። እናትየው ወደ ጓዳ ሲገቡ የተናገርሁትን ሁሉ፣ ለማንና በምን ቃል እንደ ነገርሁ፣ አንድ በአንድ ነገርኋት። ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ ያለ ቁጣ «ምን ብላችሁ ጸለያችሁልኝ?» አለችኝ። ለማስታወስ ሞከርሁ። በዚያች ምሽት ስለ እርስዋ ስናወራ መሽቶ፣ አስተባባሪያችን በአጭሩ ዘግቶ እንደ ሸኘን ነው ትዝ ያለኝ።