ፊውዙን አትንቀለው

ሰሞኑን ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ አንድ ልጅ አብሮኝ ይሠራል። ከከለላ መጥቶ መካነ ሰላም ያደረ አይሱዙ ጧት አልነሳ ብሎ፣ በስንት ግፊ ተነሥቶ ደጃችን መጣ። ሾፌሩ «ማታ እኮ በአንድ ቁልፍ ነው የተነሳው» እያለ ይምላል። ልጁ «አያ፣ ባትሪ በአንድ ሌሊት እንዴት እንዲህ ይሞታል?» ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ የፊውዝ ሳጥኑን ከፍቶ መንቀል ጀመረ። እጁን ያዝኩት። እሱ የተማረውን ይዞ ተከራከረ፤ እኔም የለመድኩትን ይዤ ደረቅሁ። ሙግቱ እስከ ምሳ ዘለቀ።

ባትሪው አርጅቷል ወይ፣ ዲናሞው ይሞላል ወይ፣ ተርሚናሉ ላልቷል ወይ የሚሉትን ለሙያ ጓደኞቼ አልደግምም። ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ጤነኛ ባትሪ ጧት 11.5 ላይ ከተገኘ፣ ሌሊቱን ሲበላው ያደረ ነገር አለ። ነገሬ እንዴት እንፈልገው የሚለው ላይ ነው።

የልጁ ዘዴ የታወቀ ነው። የኔጌቲቩን ካቦ ፈትተህ አምፔር መለኪያ በመሃል ታስገባለህ፣ ከዚያ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀልህ ንባቡ የሚወርድበትን ትጠብቃለህ። ለድሮዎቹ መኪኖች እኔም አልቃወመውም፤ አምፖልና ክላክስ እንጂ ኮምፒውተር አልነበራቸውም። የዛሬው መኪና ግን ተቆልፎ ከቆመ በኋላም ወዲያው አይተኛም። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዱ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ሲተኛ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ይወስዳል፤ ይህ ጤናው ነው። ካቦ ስትፈታ፣ በር ስትከፍት፣ ፊውዝ ነቅለህ ስትመልስ ኮምፒውተሮቹ ይነቃሉ። ያን ጊዜ የምታነበው የነቃ መኪናን ነው። አንዳንዴም ተጣብቆ ያደረው ሪሌ ካቦው ሲነሣ ይለቃል። ጥፋቱ ከእጅህ አመለጠ፤ ባለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ተገፍቶ ይመጣል።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቪቴ ጫን አድርጌ መኪናው በሩ የተዘጋ እንዲመስለው አደርጋለሁ። ቁልፉን አርቄ እቀመጣለሁ። መኪናው ሲተኛ መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጌ፣ በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች እነካለሁ። ምንም ሳይነቀል፣ ምንም ሳይነቃ። ኤሌክትሪክ በማያልፍበት ፊውዝ ላይ ንባቡ ዜሮ ነው። የሚያልፍበት፣ ፊውዙ ራሱ ትንሽ ስለሚቋቋም፣ ይናገራል፤ በ10 አምፔር ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ካየሁ 130 ሚሊአምፔር ገደማ እያለፈ ነው። ፊውዙ ባነሰ ቁጥር ለዚያው ኤሌክትሪክ ንባቡ ከፍ ይላል።

ከዚያም በፊት ግን ሾፌሩን ስንት ሌሊት ቆሞ ነው እላለሁ። 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር ቢበላው በ12 ሰዓት 6 ብቻ ነው የሚያጣው፤ ጧት ይነሳል። የሞላ ባትሪ በአንድ ሌሊት ከሞተ የሚበላው ሦስት፣ አራት አምፔር ነው፦ የበራ መብራት፣ የተጣበቀ ሪሌ፣ የተበላሸ ዲናሞ። ሳምንት ቆሞ ከሞተ ደግሞ ጥቃቅኑን እፈልጋለሁ፤ ጂፒኤስ፣ አላርም፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ ሁልጊዜ ከሚሠራ መስመር የተጠለፈ ቴፕ።

ፊውዝ ነቃዮች ፈጽሞ የማያገኙት ዲናሞውን ነው። ወፍራሙ ካቦው ከባትሪው የሚመጣው በትንንሾቹ ፊውዞች በኩል አይደለም። በውስጡ ያለው ዳዮድ ካፈሰሰ ሳጥኑን ሙሉ ብትነቅለው ንባቡ አይወርድም። ጧት ሞተሩ ሳይነሳ በእጅህ ዳስሰው፤ አካባቢው ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ለብ ካለ ሌላ አትፈልግ።

ወደዚያ አይሱዙ ልመለስ። 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ ተደራርቦ ይሠራል። ሾፌሩ የ12 ቮልት ቴፕ ገዝቶ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ አስጠልፎታል። በዚህ አገር ከዚህ የበለጠ ባትሪ የጨረሰ ነገር አላየሁም። ቴፑ አንዱን ብቻ ያወርዳል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሞላው። ስለዚህ የጎደለው ሳይሞላ ይቀራል፣ የሞላው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውኃው ይፈላል። ሁለቱን ለየብቻ ስለካ አንደኛው 12.7፣ ሌላው 11.3 አለ። ሾፌሩ ከዚህ በፊት ባትሪ ቀይሯል፤ ኋላም ጥፋቱ የማደሪያው ነው ብሎ መኪናውን የሚያሳድርበትን ቦታ ቀይሯል። መድኃኒቱ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ነበር። ልጁ ይህን ሲያይ ዝም አለ፤ «ግን ፊውዝም ቢነቀል…» አለ ቆይቶ።

ባትሪ የሚገድለው ብርድ ነው የሚሉም አሉ። ከእኛ ወደ ደሴ ሲኬድ ጉጉፍቱ ላይ ያለውን ውርጭ የቀመሰ ይህን ቢል አልፈርድበትም። ዜሮ ዲግሪ ላይ ባትሪ ሞተሪኖ የማዞር ጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል። ዕድሜውን የሚያሳጥረው ግን ሙቀት ነው። በጉንደወይን መንገድ ወደ አባይ የሚወርዱ መኪኖች ባትሪያቸው ቶሎ ያረጃል፤ የሚታወቀው ደግሞ ደጋ ወጥተው ባደሩበት ጧት ነው። ቆላው ይገድላል፣ ደጋው ያረዳል።

አሥር ቁጥር ቁልፍ ከወንበር ሥር አስቀምጠው ማታ ማታ ካቦ የሚፈቱም አሉ። ባትሪው ያድራል፤ በሽታውም አብሮ ያድራል። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ደሴ ሪፈር የተባለች ወላድ ይዘው ሲመጡ፣ ሾፌሩ በጨለማ በደነዘዘ ጣት ብሎን ይፈልጋል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ካቦ መፍታትን መፍትሔ የሚለኝ ሰው ያናድደኛል።

የእኔን ዘዴ የሚጠላው ባለመኪናው ነው። «ምን ተቀምጠህ ትከፈላለህ?» ይለኛል። እጅ ካልተንቀሳቀሰ ሥራ ያለ አይመስለውም። እኔ ልጅ ሳለሁ መቀመጥ የማልችል ቀበጥባጣ ነበርሁ፤ እናቴ አሁን እንኳ መኪና ሥር ቁጭ ብዬ ስታየኝ ትስቃለች። መጠበቅን ያስተማረኝ ይኸው ሥራ ነው። ኋላ ኋላ ለሽምግልና ስጠራም ጠቀመኝ። ባልና ሚስት ተጣልተው ሲመጡ ጥያቄ የሚያዘንብ ሽማግሌ ሁሉንም ቁስል አንድ ላይ ይቀሰቅሳል፤ የትኛው እንደሚያሠቃያቸው ግን አያውቅም። እኔ ቡናው እስኪፈላ ዝም ብዬ አያለሁ። ዝምታዬን እንደ ብልሃት የሚቆጥሩልኝ አሉ፤ ከጋራዥ ያመጣሁት ልማድ ነው።

ልጁ አሁንም አልተረታልኝም። ደስ ይለኛል፤ ያልተከራከረ ልጅ ሙያ አይወርስም። ከሕጌ ግን ንቅንቅ አልልም፦ ፊውዝ የሚነቀለው መጨረሻ ላይ፣ የተገኘውን ለማረጋገጥ ነው። ከዚህ የተሻለ አለኝ የሚል የሙያ ጓደኛ ካለ የተኛ መኪና አምጥቶ ያሳየኝ፤ እየጠበቅን የምንጠጣውን ሻይ እኔ እከፍላለሁ።