ከባድ መጽሐፍን ለወዳጅ ስለ ማዋስ

ሰው ለወዳጁ እህል ሲያበድር ስንት ቍና እንደሚበቃው ይጠይቃል፤ መጽሐፍ ሲያውስ ግን ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መጽሐፉም ከባድ ከሚባሉት ልብ ወለዶች አንዱ የሆነ እንደ ሆነ፣ አዋሹ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ተዋሹ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው። «እኔ ይህን አንብቤ ጨርሻለሁ» ብሎ በአደባባይ መናገር ስለሚያሳፍረው፣ መጽሐፉን በሌላ ሰው እጅ አኑሮ በዚያ ይናገረዋል። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን አንድን ሰው ከንባብ ፈጽሞ ሊያስወጣው ስለሚችል፣ ትንሽ ነው ብዬ ላልፈው አልወደድሁም።

እኛ ጡረታ የወጣን ጥቂት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ሦስትም ወጣቶች ሆነን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ስላነበብነው መጽሐፍ እንነጋገራለን። ልብስ ሰፊው ከመካከላችን ብዙ የሚያነብ ሰው ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ሦስት ጊዜ እንዳነበበውና በሦስተኛውም ጊዜ እንዳለቀሰ ሲነግረን፣ የሳቀበት አልነበረም። ከማኅበራችን አንዱ፣ በእውነቱ የተማረ ሰው፣ የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስን አውጥቶ ሰጠውና፣ «ይህን ሳታነብ አማርኛ አንብቤአለሁ አትበል» አለው። ልብስ ሰፊው መጽሐፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰውና፣ «ጋሼ፣ ይህ ለተማረ ሰው የተጻፈ ነው፤ ለኔ አይሆንም» አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባችን አልመጣም።

ጥፋቱ የማን ነው? በዚህ ላይ ተከፋፈልን። አንዱ፣ ልብስ ሰፊው ትዕግሥት አጣ አለ። ሌላው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ፣ ጥፋቱ የደራሲው ነው፤ አንባቢውን የሚያደክም ደራሲ አንባቢውን የሚንቅ ነው ብሎ በብርቱ ተከራከረ። ይህን ክርክር ለመፍረድ አስቀድሞ መጽሐፉን ራሱን መመልከት ይገባል።

አደፍርስ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ከወጣ አራት ዓመት ብቻ አልፎት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ አንባቢውን እጁን ይዘው ይመሩታል። በዛብህን ከማሳየታቸው በፊት አባቱን ቦጋለ መብራቱንና እናቱን ውድነሽ በጣሙን ያሳዩናል፤ እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ልጁን ስለምን እንደ ተሳሉት ይነግሩናል። ጉዱ ካሣ ሲናገር የሚናገረው ጉዱ ካሣ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ስለዚህም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው ፊደል ያልቆጠረችው ባልቴት እንኳ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ትከተለው ነበር። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ የሚያቃልለውም ሰው ራሱን ይመርምር።

ዳኛቸው ግን በሌላ መንገድ ሄደ። አንባቢውን በአርማንያና በደብረ ሲና አገር፣ ሰው በሚነጋገርበት መካከል ያቆመውና ዝም ይላል። ማን እንደ ተናገረ ብዙ ጊዜ አይነግረንም፤ ከአነጋገሩ እንድንለየው ይተወናል። ባለርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ እንደ ባለርስት ትናገራለች፤ ካህኑ እንደ ካህን፣ ገበሬው እንደ ገበሬ፣ አደፍርስም ከመጽሐፍ እንደ ተማረ ወጣት ይናገራል። ቃላቱም ያገሩ ቃላት ናቸው፤ የከተማ ሰው በቀላሉ አያገኛቸውም። የገደሉና የሜዳው ሥዕል ረዥም ነው። እንደ ታሪክ ነጋሪ «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያለ የሚሮጥ አንባቢ በየገጹ ይሰናከላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የመጽሐፉ ትንሹ ችግር ነው። ያልታወቀ ቃል ተጠይቆ ይታወቃል፤ ተናጋሪውም ሁለት ጊዜ ሲነበብ ይለያል። ዋናው ክብደት ፍርድ የማይሰጥ መጽሐፍ መሆኑ ነው። አደፍርስ ስሙ እንደሚያዝዘው የረጋውን ሁሉ ያደፈርሳል፤ ስለ እምነት፣ ስለ ርስት፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ትምህርት ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ይሟገታል። ብዙ ጊዜ እውነት ይናገራል። ነገር ግን እውነቱን የሚናገረው የሰሚውን ልብ ሳይመለከት ነው፤ ስለዚህ ቃሉ በአየር ላይ ይቀራል። ወይዘሮ አሰጋሽ ደግሞ ጾምና ጸሎት የማታጓድል፣ በርስቷ ነገር ግን የማትራራ ሴት ናት። ሆኖም ስትናገር የምትናገረውን ከልቧ እንደምታምን እንሰማለን፤ ግብዝ ናት ብለን ልንተዋት ስንል አፋችንን ትይዘዋለች። ልጇ ጺወኔ በነዚህ ድምፆች መካከል ናት። ደራሲው «ይህ ትክክል ነው፣ ያ ስሕተት ነው» ብሎ ከአንዳቸውም ጋር አይቆምም። እንደ እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው፣ ከታሪኩ ሥር ትምህርቱ ተጽፎ ካላገኘ መጽሐፉ ያላለቀ ይመስለዋል። እኔ ይህን ጉድለት በሌላ መጽሐፍ ለምጄው ስለ ነበር ነው በአደፍርስ ያልተደናገጥሁት፤ ይኸውም መጽሐፈ ኢዮብ ነው። እዚያም ወዳጆቹ እየተራ ይናገራሉ፤ የሚናገሩትም አብዛኛው መልካም ቃል ነው፤ ምዕራፍ ከምዕራፍ አልፎም የሚፈርድ አይመጣም። ያን መጽሐፍ ታግሦ ያነበበ ሰው አደፍርስን ለማንበብ ዲግሪ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ክስ ልመለስ። ዳኛቸው አንባቢውን ንቋልን? የሚንቅ ሰው ሁሉን ፈጭቶ፣ ፈትፍቶ፣ ጠቅልሎ ያጐርሳል፤ ጥርስ ያለው አይመስለውምና። ዳኛቸው ግን «አንተም ጆሮ አለህ፣ ስማና ለይ» ያለ ይመስለኛል። ደግሞም ይህ ሰው በ1977 ዓ.ም. የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ የሚል መጽሐፍ ለጀማሪዎች አዘጋጅቶአል። ሰውን ለማራቅ የሚጽፍ ሰው፣ ሌላው ሁሉ እንደሱ ይጽፍ ዘንድ መንገዱን አይጠርግም። በሌላ በኩል ባልደረባዬ ሐሰት ብቻ ተናገረ አልልም። በአደፍርስ ውስጥ ክርክሩ ከልክ በላይ የሚረዝምበት፣ ሰዎቹ ሥጋና ደም መሆናቸው ቀርቶ የዐሳብ ተሸካሚ የሚመስሉበት ስፍራ አለ። በተለይ አደፍርስ ራሱ ሲናገር ይህ ይታያል፤ ወይዘሮ አሰጋሽ ግን አንድ ጊዜም እንዲህ አትሆንብንም። ይህን የሚያውቅ አዋሽ ለተዋሹ ቢነግረው ምን ይጐዳል? «እዚህ ጋ ይደክምሃል፤ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም» ቢለው፣ ያ ልብስ ሰፊ መጽሐፉን በጋዜጣ አይጠቀልለውም ነበር።

ከማዋስ ይልቅ ያስቸገረኝ ደግሞ ማብራራት ነው። ያ የተማረ ወዳጃችን መጽሐፉን ሲያስረዳ፣ «አሰጋሽ አሮጌዪቱ ኢትዮጵያ ናት፤ አደፍርስ አዲሱ ነው፤ ጺወኔ በሁለቱ መካከል የቀረችው ትውልድ ናት» ይላል። የ1966ቱ አብዮት አራት ዓመት ቆይቶ ስለ መጣም መጽሐፉን ትንቢት አድርገው የሚያነቡት አሉ። ይህ የቅኔ ልማዳችን ያመጣብን ይመስለኛል። ሰም ያየን እንደ ሆነ ወርቁን ሳናወጣ አናርፍም፤ ወርቁን ያወጣን እንደ ሆነም ሰሙን እንጥለዋለን። ቅኔ አጭር ስለ ሆነ ይህን ይችለዋል። ልብ ወለድ ግን ሰሙን ከጣሉት ሰዎቹን ጣሉ ማለት ነው። ወይዘሮ አሰጋሽን «አሮጌዪቱ ኢትዮጵያ» ካልናት በኋላ መስማት እናቆማለን፤ ምን እንደምትል አስቀድሞ ታውቆአልና። ልብስ ሰፊው እንኳ ይህን ማብራሪያ አስቀድሞ ሰምቶ ስለ ነበር፣ መጽሐፉን የከፈተው የተቀበረ ነገር ሊቈፍር ነበር፤ ቆፍሮም ስላላገኘ ራሱን ደንቆሮ አደረገው። በእኔ ዐሳብ ከዚያ በታች የተቀበረ የለም። ሰዎቹ ሲነጋገሩ መስማት ነው።

መስማትስ እንዴት ይሆናል? በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ ያለውን የአገራችንን ሰው ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። የሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ በእጁ ያለ ታላቅ ሰው ነው፤ ሆኖም ያነበበውን አስተውሎት እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ የሚመራኝ ከሌለ ወዴት ብዬ አስተውላለሁ አለ እንጂ የተማረ ለመምሰል አልሞከረም። ስብከት የሚሰብኩ ሁሉ ስለ ጃንደረባው ትሕትና ይናገራሉ፤ እኔ ግን የፊልጶስ ነገር የበለጠ ይደንቀኛል። መጀመሪያ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ሰውዬው ምን እያነበበ እንደ ሆነ ሰማ፤ ከዚያ ጠየቀ፤ ሲጋበዝም ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ጃንደረባው ያነብ የነበረውም ድምፁን አሰምቶ ስለ ነበረ ነው ፊልጶስ ሊሰማው የቻለው። ድምፁን ውጦ ቢያነብ ኖሮ ሠረገላው ሳይቆም ባለፈ ነበር።

እኛም ይህን ሞከርነው። አደፍርስን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረን ድምፅ እያሰማን፣ ተናጋሪዎቹን ተከፋፍለን አነበብን። ነርሷ ወይዘሮ አሰጋሽን ያዘች፤ አንዱ ወጣት አደፍርስን፤ እኔ የቀረውን። ከማኅበራችን የአንዱ ባለቤት የይፋት ተወላጅ ናቸው፤ ፊደል በሽምግልና የተማሩ እናት ናቸው። ቡና እያፈሉ ሲሰሙ ቆይተው፣ እኛ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ፣ «ይህማ እኮ እንዲህ ማለት ነው» እያሉ ሦስት አራቱን ቃል ፈቱልን። ደግሞም ነርሷ አንዱን አነጋገር በቍጣ ስታነበው፣ «የለም፣ የለም፤ ይህች ሴት አልተቆጣችም፤ እየተጫወተች ነው» ብለው አቃኑን። እንደገና ሲነበብ በእውነት ጨዋታ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ስለዚህ መጽሐፍ ሲጻፍና ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ወይዘሮ አሰጋሽ እንደምታስቅ ግን የነገረኝ አልነበረም። መጽሐፉ በዐይን ሲነበብ ጭንጫ፣ በጆሮ ሲሰማ ግን ያገር ጨዋታ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ይህን ሰምቶ የትኛው ቅዳሜ እንደምንገናኝ በሰው አስጠይቆአል፤ ግን ገና አልመጣም።

ወጣቶቹ በበኩላቸው የሚያመጡልን አዳም ረታን ነው። ስለ እርሱ ትንሽ ብቻ ልበል፤ ብዙ የጻፈ ሰው ነውና ለብቻው ይገባዋል። ወጣቶቹ መጽሐፉን ከመስጠታቸው በፊት «ሕጽናዊነት» የሚለውን ቃል ይሰጡናል። ደራሲው የአጻጻፉን መንገድ በዚህ ስም መጥራቱ እውነት ነው፤ ከእንጀራ ዐይን ጋር አያይዞ ማስረዳቱም ያማረ ነው። ነገር ግን እንግዳን ወጥ ቤት አስገብቶ ምጣዱን ማሳየት፣ ካጎረሱት በኋላ ቢሆን ይሻላል። አዳም ረታን ለማያውቅ ሰው በ1997 ዓ.ም. የወጣውን ግራጫ ቃጭሎችን፣ ወይም ያን ወፍራሙን የስንብት ቀለማትን ከማሸከም፣ ከአጫጭር ልብ ወለዶቹ አንዱን፣ ያውም አንዱን ብቻ፣ አብሮ ማንበብ ይበቃል። የሚወድ ይቀጥላል። የግርጌ ማስታወሻውን እየዘለለ የሚያነብም ቢኖር አትቆጡት፤ በሁለተኛው ንባብ ራሱ ወርዶ ያየዋል።

አንድ ሰው መጽሐፍ ምረጥልኝ ሲለኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ባለፈው ያነበበው መጽሐፍ የት ላይ እንዳስደሰተው ነው። በሰዎቹ ጠባይ የተደሰተን ሰው ወደ አደፍርስ እልከዋለሁ፤ በታሪኩ ፍጥነት የተደሰተውን ግን አልልከውም፤ ለእርሱ የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር አለለት፤ በዚያው በ1962 ዓ.ም. የታተመ፣ የተመረጠ መጽሐፍ ነው። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ሰውን በደረጃ ከፈልህ ይሉኛል። እኔ የከፈልሁት ረኀቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም። አልጨረስሁትም የሚለኝንም ሰው ስለምን አልልም፤ የት ገጽ ላይ እንደ ቆመ ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም በዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉ ራሱ ያነክሳል።

የሚቀጥለው ሥራችን የዳኛቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይሆናል፤ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1973 በለንደን የታተመው፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ የሚባለው። የታመመ አባት ከወንድና ሴት ልጁ ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ይወጣል። ከማኅበራችን እንግሊዝኛ የሚያነቡት አራት ብቻ ስለ ሆኑ፣ እኔ በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ እየተረጐምሁ እንዳነብላቸው ተስማምተናል። ባልደረባዬ ካሁኑ «ይህም ይከብዳል» ብሎአል። ነርሷ ግን ሕመምተኛውን ተራራ ማስወጣት ተገቢ መሆኑን አስቀድማ ልትከራከርበት ተዘጋጅታለች፤ የይፋቷ እናትም ወደ ዝቋላ አንድ ጊዜ በእግራቸው ስለ ሄዱ፣ መንገዱ በትክክል ተጽፎ እንደ ሆነ እንደሚፈርዱ አስታውቀውናል።