ዘጠነኛዋ እርምጃ

ሙዚቃ በጽኑ የታመመ ሕፃን ያረጋጋል ሲባል ብዙዎቻችን ፈገግ እንላለን። ጓንት እንኳ ከውጭ ገዝታችሁ ኑ በሚባልበት አገር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስለ ዜማ ማውራት ቅብጠት ይመስለናላ! እስቲ የሐኪሞቹን መመሪያ ገልጠን እንይ።

የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን የሚታከምባቸውን ዐሥር እርምጃዎች አስቀምጧል። የደም ስኳሩ እንዳይወርድ፣ ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ፣ ፈሳሽ እንዳያልቅበት፣ ኢንፌክሽን እንዳይገድለው እያለ ይሄድና ዘጠነኛው ላይ ምን ይላል? አጫውቱት፣ አነቃቁት፣ ፍቅር ስጡት። ልብ በሉ፤ ይሄን የጻፉት ገጣሚዎች አይደሉም። ክፉኛ የተራበ ሕፃን ዓይኑ ይፈዛል፣ ጨዋታ ይተዋል፤ ያውም አእምሮው በሚያድግበት ዕድሜ። ወተቱ ሥጋውን ይመልስለታል፤ ሳቁን የሚመልስለት ሰው ነው።

ማስረጃው ከቅርብም ከሩቅም አለ። በጅማ እንዲህ በተጎዱ 339 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከሕክምናው ጎን በጨዋታ የተነቃቁት በሰውነት እንቅስቃሴያቸው ከሌሎቹ እንደተሻሉ አሳይቷል። ወደ ዜማው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ11 ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ 272 ጨቅላዎችን ተከታትሏል። ለስለስ ያለ ዜማና ድምፅ በቀጥታ ሲሰሙ የልብ ምታቸው ሲረጋ፣ አጠባባቸውና እንቅልፋቸው ሲሻሻል ታየ። ወላጆች ራሳቸው የመረጡት ዜማ ደግሞ የወላጆቹን ጭንቀት ጭምር ቀነሰ። የሞዛርት ካሴት አላስፈለገም።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ጀዊ እንሂድ። ከጋምቤላ ከተማ ብዙም የማይርቀው ይህ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ነው። ያኔ የገቡት በብዛት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የፈነዳውን የደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ኑዌሮች ሲሆኑ፣ መጀመሪያ የሰፈሩበትን ሌይቹዋርን ጎርፍ ስላጥለቀለቀው እንደገና የተነሱ ናቸው። ሁለቴ የተፈናቀለች እናት ቤቷንና ከብቷን ጥላ ብትመጣም፣ እናቷ ያባበለቻትን ዜማ ጥላ አልመጣችም። ልጇ በጽኑ ሲታመም በእጇ የቀረ ሀብት እሱ ነው።

እኛ ግን በየሆስፒታሉ እንዲህ ያለችዋን እናት ምን እንላታለን? «አስታማሚ ውጪ! ዝም በይ!» ማሽኑ ሲጮህ ማንም አይቆጣውም፤ እናት ስታንጎራጉር ግን ሥርዓት ፈረሰ ይባላል። ሙዚቃ ይጠቅማል የተባልን ቀን ደግሞ እናውቅበታለን፤ ግድግዳው ላይ ስፒከር ሰቅለን የኑዌሩን ሕፃን በአማርኛ ዘፈን እናደነቁረዋለን!

እሹሩሩ የወተትና የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ነፍሱን ለማትረፍ ሲሯሯጡ ሁሉም ዞር ይበል፤ ሕፃኑ ሲደክመውም ዜማው ይቁም። ከዚያ በኋላ ግን እናቲቱን መልሷት። ሲስተሯ ኑዌርኛ ባትችልም ችግር የለም፤ ዜማው አስተርጓሚ አይሻም። ለዘጠነኛዋ እርምጃ የሚያስፈልገው በጀት አልጋው አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ወንበር ናት። እሷንም ከነፈግናት ችግራችን የገንዘብ አይደለም ማለት ነው።