የበኩር ፅንስ በክታብና በወንጌል

በፋርጣና በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ ደጋ፣ አዲስ ሙሽራ ወሯ ቀርቶ የመጀመሪያ ፅንሷን ያወቀች እንደ ሆነ ነገሩን ለእናቷ ወይም ለአማቷ በጆሮ ትነግራለች እንጂ ለጎረቤት አትገልጥም። ዓይነ ጥላና ሾተላይ ይፈራሉ። ለዚህ ፍርሃት ከጥንት ጀምሮ በጽሑፍ የሚሰጣት ምላሽ በአንገቷ የሚታሰረው የብራና ክታብ ነው፤ በክታቡም ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ስለ ጸሎቱ አስማት ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ድርሰትነቱን የመዘነ ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሱስንዮስ ሚስት አገባ፤ ልጅም ወለደ፤ ውርዝልያ የምትባል ሴት ገብታ ሕፃኑን ገደለችው። አባትየው ጦሩን ይዞ በፈረሱ ተቀምጦ ፈለጋት፤ በዛፍ ሥር ከአጋንንት ጋራ አገኛት፤ ወደ ፈጣሪው ጸልዮ ወጋት፤ እርስዋም ስሙ በሚጠራበት ስፍራ እንዳትደርስ ማለች። ስንክሳርም ሰማዕቱን ሚያዝያ 26 ቀን ያስበዋል። ትረካው ፈጣን ነው፤ ስም የሌለውን ኀዘን ስም ሰጥቶ በዛፍ ሥር አቁሞ ያሳያል። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም።

ዳሩ ግን ክታቡን የምታስረው ሴት በታሪኩ ውስጥ የለችም። የእናቲቱ ድርሻ ወልዶ ማልቀስ ብቻ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከወሊድ በኋላ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ያለችው ሙሽራ የምታውቀው፣ የቡናው ሽታ መለወጡ፣ የጧቱ ማቅለሽለሽ፣ ጥቂት ደም የታየ እንደ ሆነ የሚመጣው ድንጋጤ፣ አንዱም አልተጻፈም። ለእርስዋ የተተወላት የክርስትና ስሟ የሚገባበት ስፍራ ነው። በአሮጌ ክታቦች ላይ ደግሞ የቀድሞዪቱ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላዪቱ ተጽፎበት ይታያል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ፅንስ ወራት አያስቡም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጥራሉ፤ ጳጉሜን ስድስት የሆነች እንደ ሆነ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ ይህም 275ቱ ቀን እንዳይፋለስ ነው። የኤልሳቤጥንም ፅንስ ከመስከረም 26 ጀምረው ይቆጥራሉ። እንግዲህ ቁጥሩ የተጠነቀቀ ነው፤ ቆጣሪው ግን በውጭ ቆሟል። በቅኔውም ቤት እንዲሁ ነው። ተማሪው ለብሥራት ቅኔ ሲቆጥር ዕፀ ጳጦስንና የጌዴዎንን ፀምር ያመጣል፤ ከዚያም በአንድ ዝላይ ከመጋቢት ወደ ታኅሣሥ፣ ከዕፀ ጳጦስ ወደ በረት ይደርሳል። በመካከል ያሉት ወራት ሰም አላገኙም።

ሉቃስ ግን እነዚህን ወራት አልዘለለም። ኤልሳቤጥ አምስት ወር ራስዋን እንደ ሸሸገች ይነግራል፤ በዚያም ጊዜ ያለችውን በገዛ ቃሏ ያናግራታል። እመቤታችን ፈጥና ወደ ተራራማው አገር እንደ ወጣች፣ በዚያም ሦስት ወር ያህል እንደ ተቀመጠች ይጽፋል። ከፎገራ ሜዳ ተነሥታ የደብረ ታቦርን ዳገት የወጣች ነፍሰ ጡር ያ መፍጠን ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች። ወንጌላዊው ስለ ማቅለሽለሽ አንዳች አልተናገረም፤ ነገር ግን በኩሯን የፀነሰችውን ወጣት በስድስተኛ ወሯ ካለች አሮጊት ቤት አስገብቶ ሁለቱን አነጋገራቸው። የክታቡ ታሪክ ጦርና ፈረስ ሲሰጥ ወንጌል ጓደኛ ሰጠ።

የአማርኛው አነጋገርም ሊመረመር የሚገባው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስለ ሴቲቱ የሚነገሩት ግሦች ያቅለሸልሻታል፣ ያስመልሳታል፣ ያምራታል፣ ይከብዳታል የሚሉ ናቸው፤ በሁሉም እርስዋ ተደራጊ ናት። ነገሩ የከፋ እንደ ሆነም ጨነገፈባት ይባላል። ነፍሰ ጡር የሚለው ስም ብቻ ጾረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ወጥቶ ነፍስን የተሸከመች አድራጊ ያደርጋታል። ሆዷ ሳይታይ፣ ገና በሁለተኛው ወር፣ ይህ ስም ይገባታል።

ነገሩም የቃል ምርመራ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሐኪሞችም ሕዝቡም ሾተላይ የሚሉት የእናቲቱ ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ጉዳት ነው። በኩሩ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጐዱት ተከታዮቹ ናቸው። ስለዚህ ደሟ በመጀመሪያው ፅንስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመረመራል፤ የሚያስፈልጋት እንደ ሆነ መርፌው በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ዳግመኛም ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ፅንሱ ቢጨነግፍባትም ሐኪም ሊጠየቅ ይገባል። ሕፃኑ ከሞተ በኋላ ፈረስ የሚጭነው ድርሰት ለዚህች ሴት ዘግይቶ ይደርሳል። የኤልሳቤጥን መሸሸግ ጠቅሶ ዝምታን የሚመክርም ሰባኪ ቢኖር፣ ምዕራፉን ጥቂት ወረድ ብሎ እመቤታችን ከደጇ እስከምትደርስ ድረስ ያንብብ።

ታኅሣሥ 22 የብሥራት በዓል ሲከበር በደብረ ታቦር አድባራት ቅኔ ይቀርባል። በኤልሳቤጥ ቤት የተቀመጠችባቸው ሦስት ወራት ሰም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደጋውም ለዚህ የሚበቃ ነገር አለው፤ ጉም የሸፈነው የጉና መንገድ፣ ሽታው ያልተወደደ የጠላ ጋን፣ ከምድጃ ዳር ተቀምጠው በዝግታ የሚነጋገሩ ሁለት ሴቶች።