ሻማው ምን ምን ይላል?

ሽታ ይተቻል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ልቦለዱ፣ ቴአትሩ፣ ዘፈኑና ሥዕሉ በየዓምዱ ሲተች ኖሯል፤ ወደ ቤታችን ስንገባ ግን ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰን ሽታ ነው። እንግዳ ከደጅ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ከማየቱ በፊት ቡናው መቆላቱን፣ ዕጣኑ መጤሱን፣ ጋኑ መታጠኑን በአፍንጫው አውቆታል። አማርኛችንም በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ሽታ አለ፣ መዓዛ አለ፣ ጠረን አለ፣ ቃና አለ። አንዱ ያውዳል፣ ሌላው ይሰነፍጣል፣ ሦስተኛው ይከረፋል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሽታ የሚናገር መሆኑ ነው፦ ልብሱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ወተቱ ወይራ ወይራ ይላል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአዲስ አበባ ሱቆችና ከውጭ አገር ዘመዶች ሻንጣ ደብረ ታቦር የደረሱ ስድስት ባለ ሽታ ሻማዎችን ሰብስቦ ምን ምን እንደሚሉ በየማታው ሲያዳምጥ ሰነበተ።

ደብረ ታቦር ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጨካኝ ፈታኝ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ የጉና ብርድ በነሐሴ ማታ አጥንት ሲሰብር፣ ሰም በቀላሉ እጁን አይሰጥም። ብዙ ሰው ሽታውን የሚሰጠው ነበልባሉ ይመስለዋል። ነበልባልማ ሽታን ይበላል እንጂ አይሰጥም። በክሩ ዙሪያ ሰሙ ቀልጦ ትንሽ ኩሬ ይሠራል፤ ሽቶው ተንኖ ወደ ክፍሉ የሚወጣው ከዚያ ኩሬ ነው። ቤቱ ከቀዘቀዘ ኩሬው የሚሰፋው ዘግይቶ ነው፤ ለሞቀ ሳሎን የተቀመመ ሻማ እዚህ ሲደርስ ድምፁ እንደ ተዘጋ ዘፋኝ ይሆናል። አፍንጫም ይደክማል። ሩብ ሰዓት ያህል አንድ ሽታ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያንን ሽታ መለየት ያዳግተዋል፤ ስለዚህ ደጅ ወጥቶ፣ አየር ወስዶ መመለስ ግድ ነው።

የፈተናው ሥርዓት ቀላል ነበር። በአንድ ማታ አንድ ሻማ ብቻ፤ መጀመሪያ ሳይበራ፣ ቀጥሎ በርቶ ሁለት ሰዓት፣ በመጨረሻ ሲጠፋ። ከዚያ ደግሞ ጋቢው አለ። ጋቢ ማታ የተቀበለውን ሽታ ሌሊቱን ይዞ አድሮ ጠዋት ይመሰክራል፤ ሻማ በማሸጊያው ላይ የተጻፈለትን ሁሉ ቢያሟላ እንኳ ጋቢው ላይ ካስጠላ ወደቀ ማለት ነው።

ቫኒላው የመጀመሪያው ተፈታኝ ነበር። ሳይበራ ደስ ይላል። ሲበራ ግን ቤት ውስጥ ያለው ሕፃን ኬኩ የታለ ብሎ ጠየቀ፤ ከዚህ የተሻለ ትችት መጻፍ አይቻልም። ቫኒላ የሚባለው ሽታ በላቦራቶሪ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸተው ቫኒላ አብዛኛው ከአበባው የመጣ አይደለም። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ነውሩ ሽታው የምግብ ተስፋ ሰጥቶ ምግቡን አለማምጣቱ ላይ ነው። ጠዋት ጋቢው ብስኩት ብስኩት ይል ነበር።

ላቬንደሩን በአጭሩ እንለፈው፤ ሳሙና ነው።

ሦስተኛው በማሸጊያው ላይ የታጠበ ልብስ የሚል ትርጉም ያለው ስም ተጽፎበታል። የታጠበ ልብስ ሽታ በደብረ ታቦር የፀሐይ ሽታ ነው፤ አጥር ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ነጠላ የሚያመጣው ነው። ሻማው ግን የሚያውቀው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን እንጂ ፀሐዩን አይደለም። በዚያች ማታ ለሰላምታ ጎራ ያሉ አንዲት የጎረቤት እናት እልፍኙ ውስጥ ጥቂት ተቀምጠው፣ ሻማውን ትኩር ብለው አይተው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ይኸ ምኑን ሊያጥን ነው?» አሉ።

ይህች ጥያቄ የፈተናውን መመዘኛ ቀየረችው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ቤት ውስጥ ሽታ ሥራ አለው። ወይራ የወተቱን ዕቃ ያጥናል፤ ወተቱም ሳይበላሽ ይቆያል፣ ቃናም ያገኛል። ጥንጁት የጠላውን ጋን ያጥናል። ወገርት ለሌላ ነገር ይጤሳል፣ አሪቲና አደስ በሌላ ቀን ይመጣሉ። የነሐሴ 12 ማታ የሚለኮሰው ችቦ የቡሄን ዋዜማ ጭስ ጭስ ያሰኘዋል፤ በማግስቱ ሙልሙሉ ይከተላል። እያንዳንዱ ሽታ ጊዜውና ጉዳዩ የታወቀ ነው። ሱቅ ያለው ሻማ ግን ሥራው «ማሽተት» ብቻ ነው፤ ለምንም የማይጤስ ጭስ እንደ ማለት። የእኒህ እናት ጥያቄ ኋላ ቀርነት የመሰለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጥያቄው ሙሉ የውበት ፍልስፍና ነው፤ ያውም አብዛኛው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲያችን ልቦለዱን ሊጠይቀው የሚገባ።

በዚህ መመዘኛ እጅግ የወደቀው ቡናው ነው። የቡና ሽታ ያለው ሻማ ለኢትዮጵያዊ መስጠት ለጣና ዓሣ አጥማጅ የዓሣ ሥዕል እንደ መስጠት ነው። የተቆላ ቡና ከ800 በላይ ተናኝ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት የዘርፉ ኬሚስቶች ይናገራሉ፤ ሻማው ከነዚህ ጥቂቱን መርጦ ስኳር ጨምሮበታል። ጉዳዩ ግን የቁጥር ብቻ አይደለም። የቡና ሽታ ጉዞ ነው። ታጥቦ ብረት ምጣዱ ላይ ሲያርፍ እህል እህል ይላል፤ ሲንጣጣ ይለወጣል፤ ጠቁሮ ዘይት ሲያወጣ ምጣዱ ወደ እንግዶች ይዞራል፣ እያንዳንዱም ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል፤ ከዚያ ሙቀጫው፣ ከዚያ ጀበናው። ሻማው ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያንኑ ይደግመዋል። እንዲህ ያለ ልቦለድ ቢሆን በሦስተኛው ገጽ ይዘጋ ነበር።

ዕጣን የሚል ስም የያዘው አምስተኛው ሻማ የተሻለ ክርክር ይገባዋል። መልካም ሻማ ነው፤ ግን የእኛ ዕጣን አይደለም። ሻማ ውስጥ የሚገባው የዕጣን ዘይት ተጣርቶ የወጣ ነው፤ ሙጫው ራሱ ግን ይቀራል። እኛ ዕጣን የምንለው ደግሞ ሙጫው ፍም ላይ ሲያርፍ፣ ሲንተከተክና ሲያር የሚመጣውን ነው። ልዩነቱ ከዚያም ያልፋል። የመተማ፣ የቋራና የትግራይ የዕጣን ዛፍ ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ንጥረ ነገር ነው። በዓለም የሽቶ ገበያ ዕጣን ተብሎ የሚታወቀው የሌሎቹ ዛፎች ዘይት ብዙ ጊዜ ጥድ ጥድ ወደሚለው ያደላል። ሻማው ጥድ ጥድ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ጽና የሚወጣውን ሲጠብቅ የነበረ አፍንጫ የጥድ ደን ገባ። ጋቢው ግን ጠዋት አልተከፋም፤ ይህን መመስከር ፍትሕ ነው። ደግሞም የእኛን ዕጣን ስናወድስ ጭስ ጭስ መሆኑን አንርሳ፤ በተዘጋ ክፍል ብዙ ዕጣን ማጤስ ለሳንባ ከሻማው የከፋ ነው።

የእኛው ዛፍ ራሱ ችግር ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን የሸፈነ ጥናት አብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ወጣት ዛፍ እንደሌላቸው፣ በዚህ ከቀጠለም ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ፣ እሳት፣ ከብት፣ እርሻ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዕጣን ዕጣን የሚለው ሻማ አንድ ቀን ብቸኛ አማራጭ ይሆን ይሆናል፤ ያኔ ጥድ ጥድ የሚለውን ዕጣን ነው ብለው የሚያድጉ ልጆች ይኖራሉ።

ስድስተኛው የጠጅ ሳር ነበር። ይህ አለፈ። ጠጅ ሳር እዚህ አገር ስለሚታወቅ ሻማው የሚናገረውን ማረጋገጥ ይቻላል፤ አልዋሸም። ሲበራ ክፍሉን ቀለል አደረገው፣ ሲጠፋም ጭሱን ሸፈነለት። ወደ ፎገራ ሜዳ ወርዶ ወረታ ላይ ቢበራ ደግሞ ከወባ ትንኝ ጋር ስለሚያጣላ ሥራም ሊያገኝ ይችላል።

ከስድስቱ ቀጥሎ ሰባተኛ ማታ የበራው ግን ከሱቅ የመጣ አልነበረም። ከደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጃፍ የተገዛ ጧፍ ነው። ጧፍ ሽታ ተጨምሮበት አያውቅም፤ የሚሸተው ራሱን ነው። የሰሙ አመጣጥም ያስገርማል። የአገራችን ሰም አብዛኛው ከማር ቤት ሳይሆን ከጠጅ ቤት ነው የሚመጣው፦ ማሩ በውኃ ተበርዝ፣ ጌሾው ሳይገባ፣ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ተቀቅሎ ተጣርቶ ሰም ይሆናል። የተፈተለ ጥጥ በቀለጠው ሰም ውስጥ እየተነከረ ይሳብና ጧፍ ይሆናል። ከጠጅ ቤት ተነሥቶ መቅደስ የሚደርስ ዕቃ ከዚህ ሌላ ይኖር ይሆን? ጧፍ ቀጭን ስለሆነ ኩሬ አይሠራም፤ በርቶ እምብዛም አይሸትም። መዓዛው ያለው ሳይበራ በእስሩ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ማር፣ ጥቂት አበባ፣ ጥቂት ቀፎ። ሲጠፋ ደግሞ ለአፍታ ይናገርና ዝም ይላል። በሰምና ወርቅ አገር ሁልጊዜ ሰሙ ተጥሎ ወርቁ ይወሰዳል፤ እዚህ ግን ወርቁ ሰሙ ነው።

ታዲያ ይህም ሰም እየተቀየጠ ነው። የንብ ሰም ውድ ነው፤ ፓራፊን ርካሽ ነው፤ የቀለጡ ጊዜ ሁለቱን ዓይን አይለያቸውም። መለየት የሚችለው ጣትና አፍንጫ ነው። ንጹሕ የንብ ሰም በጣት ታሽቶ ሲሞቅ ማር ማር ይላል፤ የተቀየጠው ወይ ምንም አይልም፣ ወይ ትንሽ ጋዝ ጋዝ ይላል። ሲጠፋ የፓራፊኑ ጭስ ይሰነፍጣል። አንዲት ጧፍ ሻጭ የትኛው ንጹሕ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ «ለቤት ነው ለታቦት?» ብላ መለሰች። ሐቀኛ ነጋዴ ናት፤ ሁለቱንም ይዛለች፣ ሁለቱንም ታውቃለች። የሚያሳስበው ገዢው ነው። አፍንጫውን በቫኒላና በታጠበ ልብስ ያስለመደ ገዢ ለታቦቱም ቢሆን የተቀየጠውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ዝም ያለውን ሰም ዝም ማለቱን አያውቅበትምና። ሻጯም ለይታ መያዝዋን አንድ ቀን ትተወዋለች። ስለዚህ ጧፍ ሲገዛ እስሩን አንስቶ ማሽተት፣ አንዷን ጫፍ በጣት ማሸት ያስፈልጋል፤ የምትቆጣ ሻጭ ካለች ቀጣይዋ ዘንድ መሄድ ነው።

ስድስቱ ሻማዎች ዛሬ ያሉበትን ለማወቅ ለሚፈልግ፦ ጠጅ ሳሩ አልቋል። ዕጣኑ እንግዳ ሲመጣ ይበራል። ቫኒላው ለሕፃኑ ልደት ተቀምጧል፤ ያን ቀን ኬክም ይኖራል። ቡናውና ላቬንደሩ መብራት ሲጠፋ ያገለግላሉ። የታጠበ ልብስ የሚለው ሽንት ቤት ገብቷል፤ እዚያ ሥራ አግኝቷል።